ከተውኔቱ የተነጠለ ዘፈን፦ ለወጣት ድምፃዊት የደረጃ ፈተና የቆዩ የሙዚቃዊ ተውኔት ዘፈኖችን ስለ መምረጥ

በተውኔት ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቻችን የዘፈን ግጥም ያለበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ቶሎ ይገልጡታል። ቃለ ተውኔቱን ይተነትናሉ፤ የገፀ ባሕርያቱን ግጭት ይፈትሻሉ፤ ዘፈኑን ግን «የሙዚቃ ሰዎች ድርሻ ነው» ብለው ያልፉታል። የሙዚቃ ሰዎች በበኩላቸው ዘፈኑን አንሥተው ተውኔቱን ይተዉታል። በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው በሁለቱ ወገኖች መካከል ባለቤት ያጣውን ይህንኑ ነገር ነው። የመረጥሁት ጉዳይ ጠባብ ነው፤ በእንግሊዝ አገር ለደረጃ ፈተና የምትቀርብ አንዲት ወጣት ድምፃዊት ከቆዩት የአሜሪካና የእንግሊዝ ሙዚቃዊ ተውኔቶች ዘፈን ስትመርጥ ምን ማወቅ ይኖርባታል? ጉዳዩ ጠባብ ይሁን እንጂ ዘፈን የተውኔቱ አካል ነው ወይስ ጌጡ የሚለውን ትልቅ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

የደረጃ ፈተና የሚባለው ነገር ለብዙዎቻችን እንግዳ ስለሆነ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር ሙዚቃ የሚማር ልጅ ከመደበኛው ትምህርቱ ጎን ለጎን ከአንድ እስከ ስምንት በተደረደሩ ደረጃዎች ይፈተናል። በ1872 የተመሠረተው ትሪኒቲ ኮሌጅ በ1877 እንዲህ ያለውን ፈተና መስጠት ጀመረ። በ1889 ደግሞ ሁለቱ የለንደን ንጉሣዊ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ተባብረው «አሶሼትድ ቦርድ» የተባለውን የፈተና ተቋም አቋቋሙ። በዚህ በሁለተኛው ተቋም ፈተናው የሚታረመው ከ150 ሲሆን 100 ያገኘ ያልፋል፤ 120 ያገኘ «ሜሪት»፣ 130 ያገኘ «ዲስቲንክሽን» ይባላል። ልጁ በፒያኖ ታጅቦ የተመረጡትን ዘፈኖች ለፈታኙ ያሰማል። ዛሬ የሙዚቃዊ ተውኔት ዘፈኖች በእነዚህ ፈተናዎች ውስጥ የታወቀ ቦታ አላቸው፤ ለእነርሱ ብቻ የተዘጋጀ ፈተና የሚሰጡ ተቋሞችም አሉ።

እኔን ወደዚህ ነገር የሳበኝ በለንደን የምትኖረው ታናሽ እኅቴ ናት። ልጇ 14 ዓመቷ ነው፤ ለአምስተኛው ደረጃ ትዘጋጃለች። ከምታቀርባቸው ዘፈኖች አንዱ ከቆዩት መካከል እንዲሆን ተወስኖ ሳለ በምርጫው ላይ ሦስት ሰዎች ሳይስማሙ ቀሩ። የዝማሬ አስተማሪዋ ከ«ሾው ቦት» «ካንት ሄልፕ ላቪን ዳት ማን» የተባለውን አቀረበች። እኅቴ ከ«ካሩሰል» «ዩል ኔቨር ዎክ አሎን» ይሁን አለች። ልጅቱ ደግሞ «ማይ ፌር ሌዲ» ውስጥ አበባ ሻጯ ኤሊዛ የምትዘፍነውን ፈለገች። «ወንድም ጋሼ፣ የተውኔት መምህር አንተ ነህና ዳኘን» ብላ እኅቴ ደወለችልኝ። አስተማሪዋ ለምርጫዋ የሰጠችው ምክንያት ለልጅቱ ድምፅና ለመልኳ የሚስማማ ነው የሚል ነበር። እኅቴ «መልኳ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ።

ወደ ዳኝነቱ ከመግባቴ በፊት «የቆየ ዘፈን» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ እንደሚጠቀልል ማሳየት አለብኝ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት በኒው ዮርክ መድረክ ዘፈን ከታሪኩ ጋር የነበረው ዝምድና ብዙውን ጊዜ የላላ ነበር። አንድ ዘፈን ከአንዱ ተውኔት ወጥቶ በሌላው ይገባል፤ የጎደለው የለም። «ቢል» የተባለውን ዘፈን ግጥሙን ፒ. ጂ. ዉድሃውስ፣ ዜማውን ጄሮም ከርን የደረሱት በ1918 «ኦ ሌዲ ሌዲ» ለተባለ ዝግጅት ነበር፤ ነገር ግን ከዝግጅቱ ተሰረዘ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ኦስካር ሃመርስታይን ግጥሙን ጥቂት አሻሽሎት በ«ሾው ቦት» ውስጥ ገባና ታዋቂ ሆነ። የገርሽዊን ወንድማማቾች የደረሱት «ዘ ማን አይ ላቭ» ዕጣው ከዚህም የባሰ ነው። በ1924 «ሌዲ ቢ ጉድ» ለተባለው ተጽፎ ወጣ፤ በ1927 በ«ስትራይክ አፕ ዘ ባንድ» ውስጥ ቢገባም ያ ዝግጅት በዚያን ጊዜ ብሮድዌይ ሳይደርስ ቀረ። ዘፈኑ ተውኔት አልባ ሆኖ ዓለምን ዞረ። እንዲህ ያለውን የምትመርጥ ልጅ ተውኔቱን ብትፈልግ የምታገኘው ጥቂት ነው። ማን ለማን እንደሚናገር፣ ከመናገሩ በፊት ምን እንደ ደረሰበት ከግጥሙ ተነሥታ ራሷ መፍጠር ይኖርባታል።

ይህ ለእኛ አንባቢ ሩቅ አይሆንም። ዮፍታሔ ንጉሤ በተውኔቶቹ ውስጥ ለግጥምና ለዜማ የሰጠውን ቦታ የምናውቅ፣ ሀገር ፍቅር በ1935 ከተቋቋመ ወዲህ ዘፈንና ተውኔት በአንድ ምሽት መድረክ ላይ ሲፈራረቁ መኖራቸውን የምናስታውስ ሰዎች፣ መፈራረቅ ሌላ መዋሐድ ሌላ መሆኑን እንገነዘባለን። (ስለ ራሳችን የመድረክ ዘፈኖች እንዲህ ያለ ጥናት ቢጻፍ ኖሮ የዛሬውን ጽሑፍ ማንበብ ለተማሪዎቻችን ይቀልላቸው ነበር።)

የመዋሐዱ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በ1927 ነው። በዚያ ዓመት በታኅሣሥ ወር ከርንና ሃመርስታይን የኤድና ፈርበርን ልብ ወለድ ወደ መድረክ አምጥተው «ሾው ቦት»ን በኒው ዮርክ አሳዩ። ጉዞው የተደላደለው ግን በ1943 ሪቻርድ ሮጀርስና ሃመርስታይን በሊን ሪግስ ተውኔት ላይ ተመሥርተው «ኦክላሆማ»ን ሲያቀርቡ ነው። መጋረጃው ሲገለጥ እንደ ልማዱ የሚጨፍሩ ልጃገረዶች አልነበሩም፤ አንዲት ባልቴት ቅቤ ትንጣለች፣ አንድ ላም ጠባቂ ከመድረክ ውጪ ሲዘፍን ይሰማል። ዝግጅቱ 2,212 ጊዜ ታየ። ከዚያ ወዲህ በተጻፉት በአብዛኞቹ ትልልቅ ሥራዎች ዘፈኑ ገፀ ባሕርዩ በንግግር ሊወጣው ያልቻለውን የሚወጣበት ስፍራ ሆነ። ዘፈኑ ሲጀመር የነበረው ሰው ሲያበቃ ያው አይደለም። ስለዚህ ከ1943 በኋላ ካሉት የሚመረጥ ዘፈን፣ ትዕይንቱ ካልታወቀ ግማሹ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

ስለ ቅርጹም አንድ ነገር ልጨምር። ከቆዩት ዘፈኖች ብዙዎቹ 32 ባር የሆነ አካል አላቸው፤ እሱም ስምንት ስምንት ባር በሆኑ አራት ክፍሎች ይከፈላል። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ክፍል በዜማ ሲመሳሰሉ ሦስተኛው ይለያል። ይህን አካል እኛ አዝማች ከምንለው ጋር ማቀራረብ ይቻላል። ከእሱ አስቀድሞ ግን መንደርደሪያ አለ፤ ለንግግር የቀረበ፣ ዜማው ያልጎላ፣ ተዋናዩን ከቃለ ተውኔት ወደ ዘፈን የሚያሸጋግር። ሸክላ ያስቀረጹ ድምፃውያን ብዙ ጊዜ ይህን መንደርደሪያ ጥለውታል፤ ጆሮም ያለ እሱ ለምዷል። እኔ መንደርደሪያው የቀረበትን ሕትመት ለፈተና አልመርጥም። ልጅቱ «ለምን ዘፈንሽ?» ተብላ ብትጠየቅ መልሱ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና።

አሁን ወደ አስተማሪዋ ምርጫ ልመለስ። «ሾው ቦት» በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በሚመላለስ የቴያትር መርከብ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ታሪክ ነው። ጁሊ የቡድኑ ዋና ተዋናይት ናት፤ ሁሉም ሰው ነጭ ናት ብሎ ያምናል። የመርከቡ አለቃ ልጅ ማግኖሊያ እንደ ታላቅ እኅት ታያታለች። በአንድ ትዕይንት ማግኖሊያ ስለ ፍቅር ስታማክራት፣ ጁሊ ባሏን መውደድ መተው እንደማትችል ትነግራትና ይህን ዘፈን ታነሣለች። በዚህ ጊዜ ወጥ ቤቷ ኩዊኒ ተደንቃ ጁሊ ዘፈኑን ከየት እንዳወቀችው ትጠይቃለች፤ እርሷ የምታውቀው ከጥቁሮች በስተቀር ማንም ሲዘፍነው ሰምታ አይደለምና። ጁሊ ትደነግጣለች፤ ከዚያም ዘፈኑን ሙሉ በሙሉ ትዘፍነዋለች። ቆየት ብሎ የአካባቢው ሹም ይመጣል። የጁሊ እናት ጥቁር ነበረች፤ ባሏ ነጭ ነው፤ በዚያ ግዛት ሕግ ትዳራቸው ወንጀል ነው። ባልዬው የጁሊን ጣት በጩቤ ወጋ አድርጎ ደሟን ይመጥጣል፤ በእኔም ውስጥ የጥቁር ደም አለ ብሎ ለመማል እንዲያስችለው። በመጨረሻ ሁለቱም መርከቡን ለቀው ይሄዳሉ።

እንግዲህ ይህ ዘፈን ከላይ ሲታይ ባሏን የምትወድ ሴት ዘፈን ነው። በተውኔቱ ውስጥ ግን ማስረጃ ነው፤ ማንነትን የሚያጋልጥ ምልክት ነው። በቅኔ ትምህርት ለኖረ አንባቢ ሰሙ የት ወርቁ የት እንደሆነ መንገር አያሻኝም። የአስተማሪዋን ምክንያት ያልተቀበልሁትም ለዚህ ነው። የጁሊ ታሪክ መልክ ምንም እንደማይናገር የሚያሳይ ታሪክ ነው። መርከቡ ላይ ያሉት ሁሉ መልኳን በየቀኑ እያዩ ያላወቁትን ዘፈኑ ገለጠው። ልጅቱን በመልኳ ምክንያት ለዚህ ዘፈን ማጨት ተውኔቱን ገልብጦ ማንበብ ነው። የመድረኩ ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል፤ በ1927 ጁሊን የተጫወተችው ሔለን ሞርጋን ነጭ ነበረች፤ ይባስ ብሎ ኩዊኒን የተጫወተችው ቴስ ጋርዴላም ፊቷን ጥቁር የተቀባች ነጭ ነበረች። በሌላ በኩል የእኅቴ ልጅ ወላጆች የመጡት ከጎንደር ነው። የሚሲሲፒ ባርነትና ሕግ የእርሷ ቤተሰብ ታሪክ አይደለም። ልትማረው ትችላለች፤ ልትማረውም ይገባታል፤ ግን እንደ ማንኛዋም እንግሊዛዊት ልጅ መጽሐፍ ገልጣ ነው የምትማረው።

የቋንቋውም ጉዳይ አለ። የጥቁሮቹ አነጋገር ተብሎ በዘፈኑ ውስጥ የገባው እንግሊዝኛ በነጭ ገጣሚ እጅ የተጻፈ ነው። የተውኔቱ የመክፈቻ ዝማሬ የመጀመሪያው ቃል ራሱ ጥቁሮችን የሚሰድብ ቃል ነበር፤ በኋላ በ1936ቱ ፊልምና በ1946ቱ ዝግጅት በየጊዜው ተለውጧል። ፖል ሮብሰን በ1928 በለንደን፣ በ1936 ደግሞ በፊልሙ የዘፈነውን «ኦል ማን ሪቨር» ከጊዜ በኋላ በኮንሰርቶቹ ላይ ሲያቀርብ የተሸናፊነቱን ቃላት በትግል ቃላት ተካቸው። ከዚህ የምንረዳው ዘፋኙ ግጥሙን መመርመር እንደሚችል ነው። ሆኖም ለመመርመር መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል፤ «ዳት» የሚለውን ቃል በፈታኙ ፊት እንደ ተጻፈ ለማለትም ሆነ ለማስተካከል ምክንያቷን ልታውቅ ይገባል።

በዚሁ ተውኔት ውስጥ ለፈተና ለሚዘጋጅ ሰው ሁሉ ልነግረው የምወድ አንድ ትዕይንት አለ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ባሏ ጥሏት የሄደው ማግኖሊያ ሥራ ፍለጋ በቺካጎ አንድ የምሽት ክበብ ውስጥ ድምፅዋን ታስፈትናለች። የምትዘፍነው ያንኑ የጁሊን ዘፈን ነው። ጁሊ የዚያው ክበብ ዘፋኝ ሆና፣ በመጠጥ ተጎድታ፣ ከጀርባ ሆና ትሰማለች። ማግኖሊያ ሳታያት ቦታውን ትለቅላትና ትወጣለች። አንድ ዘፈን በመጀመሪያ ምሥጢር ያወጣል፤ በኋላ እንጀራ ይሰጣል። ሁለተኛውን የምትዘፍነው ሰው የመጀመሪያውን ካላስታወሰች ምን ይቀራታል? ለእኅቴ ይህን በስልክ ስተርክላት ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ይህን ለልጅቱ የነገራት አለ?» አለችኝ።

ብዙዎች ለወጣት ሴት ድምፅ የሚያቀርቡት «ሰመርታይም»ም ከዚሁ ወገን ነው። ዱቦዝ ሄይዋርድ ግጥሙን፣ ጆርጅ ገርሽዊን ዜማውን የደረሱት ይህ ዘፈን በ1935 በኒው ዮርክ የቀረበው የ«ፖርጊ ኤንድ ቤስ» ነው፤ ሥራው ኦፔራ ቢሆንም የታየው በብሮድዌይ መድረክ ነው። ዘፈኑ እሹሩሩ ነው። ክላራ ለሕፃኗ አባትና እናትህ አጠገብህ ናቸው፣ የሚነካህ የለም እያለች ታባብለዋለች። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ በማዕበል ይሞታል። እርሷም ልትፈልገው ወጥታ ትቀራለች። በመጨረሻው ገቢር ያንኑ እሹሩሩ ለወላጅ አልባው ሕፃን የምትዘፍንለት ቤስ ናት። ይህን የማያውቅ ሰው ዘፈኑን የበጋ ዕረፍት መዝሙር ያደርገዋል፤ እንደዚያ ሲዘፈንም ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ስለ ድምፅ የምለው አጭር ነው፤ ሞያው የእኔ አይደለምና። ሆኖም ታሪኩ የሚናገረው አለ። የቆዩት ዘፈኖች የተደረሱት ማይክሮፎን መድረክ ላይ ሳይለመድ በመሆኑ ቃሉ ከኋላ ወንበር እንዲሰማ ተደርገው ነው። ይህ ለወጣት ድምፅ ጥቅም አለው። በተጨማሪም ብዙዎቹ ለአንድ ለታወቀ ሰው ጉሮሮ ተለክተው የተሰፉ ናቸው። በ1930 «ገርል ክሬዚ» ውስጥ ኤትል መርማን አንዱን ድምፅ ሳትለቅ ለብዙ ባር ይዛ የቆየችበት ዘፈን የእርሷን ሳንባ ይጠይቃል፤ 14 ዓመት ልጅ ልትኮርጀው አይገባም። በተቃራኒው ሮጀርስ በ1951 «ዘ ኪንግ ኤንድ አይ»ን ሲደርስ የገርትሩድ ሎውረንስ የድምፅ ስፋት ውሱን መሆኑን ስለሚያውቅ የአናን ዘፈኖች በዚያው ልክ አድርጓቸዋል። ከእነርሱ አንዱ፣ አና ባንኮክ ስትደርስ ከልጇ ጋር ሆና ፍርሃትን በፉጨት ስለ መደበቅ የምትዘፍነው፣ ለጀማሪ የሚመች ነው። ከውጭ አገር ለሄደ ቤተሰብ ልጅ ትርጉሙም ቅርብ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው ነገር ፊልም ነው። ልጆች የቆዩትን ተውኔቶች የሚያውቋቸው በፊልም ነውና። በ1959 በመድረክ በታየው «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ውስጥ «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ»ን ማሪያ የምትዘፍነው ከገዳሙ እመ ምኔት ጋር ነው። የ1965ቱ ፊልም ዘፈኑን ወደ ነጎድጓዱ ሌሊት አዛውሮ ለልጆቹ ማባበያ አደረገው። ሁለቱ ትዕይንቶች ሁለት የተለያዩ ዘፈኖች ይፈጥራሉ፤ አንደኛው ገዳሙን ለመልቀቅ የተቃረበች ሴት ትዝታ ነው፣ ሁለተኛው የሞግዚት ብልሃት። «ኤድልቫይስ»ም እንዲሁ የኦስትሪያ ሕዝብ ዘፈን የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ በ1960 የሞተው ሃመርስታይን በመጨረሻ የጻፈው ግጥም እርሱ ነው። ካፒቴኑ በናዚዎች ፊት የሚዘፍነው መሆኑን የማታውቅ ልጅ ስለ አበባ ብቻ ትዘፍናለች።

የእኅቴን ምርጫ በተመለከተ ያልሁትን ላስቀምጥ። «ዩል ኔቨር ዎክ አሎን»ን እኅቴ የወደደችው መዝሙር ስለሚመስል ነው። በአገራችን ደግሞ ወጣቱ ሁሉ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ዝማሬ እንደሆነ ያውቃል፤ እንደዚያ የሆነው በ1963 ጄሪ ኤንድ ዘ ፔስሜከርስ የተባለው የከተማዋ ቡድን ካስቀረጸው ወዲህ ነው። በ1945 በቀረበው «ካሩሰል» ውስጥ ግን ኔቲ የምትባለው ሴት የምትዘፍነው ባሏ በገዛ ጩቤው የሞተባትን ነፍሰ ጡር ለማጽናናት ነው። ጦርነቱ ገና አላበቃም፤ ከተመልካቹ መካከል ሐዘን ያልነካው ቤት ጥቂት ነበር። ዘፈኑ በተውኔቱ ፍጻሜ የልጅቷ የትምህርት ቤት ምረቃ ላይ ሲደገም ሙታንም ይሰሙታል። የሚጠይቀው ያጽናና ሰው ድምፅ ነው፤ የመጨረሻው ሐረግ ወደ ላይ ሲወጣም ረጅም ትንፋሽ ይፈልጋል። 14 ዓመት ልጅ ዜማውን ትወጣው ይሆናል፤ ስቴዲየሙን ከጆሮዋ ማውጣት ግን ይከብዳታል። ለእኅቴ ዘፈኑን ለራሷ እንድትዘፍነው መከርኋት።

ልጅቱ የመረጠችውን እኅቴ የተቃወመችው በአንድ ምክንያት ነበር። «እንግሊዝኛ አስተካክላ እንድትናገር ስንት ዓመት ደክሜ፣ አሁን በፈተና ላይ የተሰባበረ እንግሊዝኛ ልትዘፍን ነው?» አለችኝ። ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም። የስደተኛ እናት ምን ያህል ዋጋ እንደከፈለችበት አውቃለሁ። ነገር ግን በ1956 የቀረበው «ማይ ፌር ሌዲ» የሚናገረው ስለዚሁ ነው። መሠረቱ በርናርድ ሾው የጻፈው፣ በ1913 ቪየና ላይ በመጀመሪያ የታየው «ፒግማሊየን» ነው። ሾው በሕይወት ሳለ ተውኔቱ ወደ ሙዚቃ እንዲለወጥ አልፈቀደም፤ ለርነርና ሎው የሠሩት እሱ በ1950 ከሞተ በኋላ ነው። ኤሊዛ ይህን ዘፈን የምትዘፍነው ፕሮፌሰር ሂጊንስ አነጋገሯን በሰው ፊት ካዋረደ፣ ከመስፍን ሚስት ጋር ላስተካክላት እችላለሁ ብሎ ከፎከረ በኋላ ነው። እሱ ስለ ቋንቋ ያወራል። እርሷ የምትመኘው ግን ከሌሊቱ ብርድ የሚያስጥል ክፍልና ምቹ ወንበር ነው። አነጋገሬ ይቃናልኝ የሚል ቃል በዘፈኑ ውስጥ አንድም የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ በብሮድዌይ የተጫወተችው ጁሊ አንድሩስ 20 ዓመቷ ነበር፤ ዜማው በመካከለኛው ድምፅ ይሄዳል፤ ገፀ ባሕርይዋ ወጣት ናት፤ ስሜቱም ለልጅ አይርቅም።

ለእኅቴ ልጅ የሾውን ተውኔት የመጀመሪያ ገቢር አንብባ ከሙዚቃዊው ጋር እንድታስተያይ ነገርኋት። አነበበችው። አነጋገሩን እስከ ምን ድረስ ልውሰደው ብላ ስትጠይቀኝ፣ ፈታኙ ቃሉን መስማት እስከሚችልበት ድረስ አልኋት፤ ኤሊዛን ማስመሰል ሌላ፣ በኤሊዛ መሣቅ ሌላ ነው። «ሾው ቦት»ን ለላይኛው ደረጃ አቆይታዋለች። ባለፈው ሳምንት የግጥሙን ቅጂ ልካልኛለች፤ «ኤች» የሚለው ድምፅ በየትኞቹ ቃላት ላይ እንደሚዋጥ በእርሳስ አስምራበታለች፤ በኅዳጉም ከዘፈኑ በፊት ያለውን የሂጊንስን ንግግር በራሷ አጭር ቃል ጽፋለች። እናቷ በሁለት ቃላት ላይ መስመሩን ሰርዛለች፤ ልጅቱም መልሳ አስምራለች።